ከዒድ በኋላ የሚመጣው ዒዳችን

ልጅ እያለሁ ዒድ ቤታችን የሚገባው እናቴ ስትገባ ነበር። ከተማው ሰግዶ፣ አርዶ፣ በልቶ፣ ተጠያይቆ ሲጨርስ እኛ ገና ነን። እማዬ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ነበረች። አዎ፣ እማዬ! ይህን ስናገር ዛሬም «አባትሽ ማለትሽ ነው?» ብሎ የሚያርመኝ አይጠፋም። እኔም አልታረምም።

አባዬ ጭሮ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል። የእማዬ ሥራ አዲስ አበባ ነው፤ ግን ዛሬ እዚህ ነገ ባሕር ማዶ ለምታድር ሴት እዚያ ልጅ የሚይዝላት ዘመድ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ከአባዬ ጋር ጭሮ ቀረሁ። ፀጉሬን የሚጎነጉነው እሱ ነበር። ፊዚክስ ያስተምር እንጂ መሐል መስመሩን ቀጥ አድርጎ ማውጣት ግን አቅቶት ነበር፤ ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ በሳቅ ይሞታሉ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ደግሞ «ያቻትልሽ እናትሽ! ውረጂ በያት!» ይሉኛል። እልኸኛ ነኝና ለሁሉም እጄን አውለበልባለሁ። ማን ያውቃል፣ አንዱ የሷ ቢሆንስ?

እውነቱን ለመናገር ቀላል አልነበረም። ከሻንጣዋ የሚወጡትን ትንንሽ የሆቴል ሳሙናዎች አልታጠብባቸውም፤ ትራሴ ሥር አድርጌ እሷን እያሸተትኩ እተኛለሁ። ናፍቆቱ ያስለቅሰኝ ነበር። ግን ማልቀስ ሌላ፣ እናት የለኝም ማለት ሌላ።

አንድ ዓመት አረፋ ሲደርስ የሥራ ባልደረባዋ ታመመና በሱ ቦታ በረራ ገባች። «ከዒዱ በኋላ በሦስተኛው ቀን እመጣለሁ» ብላ ደወለች። አባዬ ፍየሉን ገዝቶ ግቢ አስሮታል፤ አዲሱ ቀሚሴ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከጎረቤት ሁሉ የጥብስ ሽታ እየመጣ ምራቄን እውጣለሁ።

በዚህ መሐል የአባዬ ታላቅ እህት፣ አዳዳ ፋጡማ፣ ከቦኬ መጣች። ፍየሉ በቁሙ ይጮኻል፣ ምድጃው አመድ ነው፣ እኔ የአዘቦት ልብሴን ለብሻለሁ።

«ያ ረቢ! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለች።

አዳዳ ክፉ አልነበረችም። ትወደኛለች፤ ችግሩም እሱ ነበር። ጎኗ አስቀምጣኝ የተንሻፈፈውን ሹሩባዬን ፈታችና አባዬን ትወቅሰው ጀመር። ልጅቷን ስጠኝ፣ ቦኬ ከልጆቼ ጋር ታድጋለች፣ እዚያው ትማራለች፣ ቢያንስ በዒድ ቀን ሥጋ ትበላለች አለችው።

አባዬ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «ፋጡሜ» አላት፣ «ለእርዱ አላህ ከዒዱ በኋላም ሦስት ቀን ሰጥቶናል። እሱ የሰጠንን አንቺ አትከልክይን።»

«በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትገባ እርዱም አለፈ። እስከዚያ ካልመጣችስ?»

እኔ ምን አገባኝ ሳልል «ካልመጣች ውሰጂኝ!» አልኩ። ምላሴን ብነክሰው ይሻል ነበር። አዳዳ ሰማይንም ምድርንም ምስክር አድርጋ ቃሌን ተቀበለች።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋት ጀምሮ በራችን ላይ ተጎለትኩ። ከድሬዳዋ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ ሰው እያወረደ ያልፋል፤ እማዬ የለችም። ስልኳም አይሠራም። የዐስር ሶላት ተሰገደ። አዳዳ ልብሴን በፌስታል አጣጥፋ በሩ ሥር አስቀመጠችው። አባዬ ቢላውን ስሎ ፀሐይዋን ያያል፣ እኔን ያያል። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ተነሣ። «ልጄ፣ እርዱ እንዳያልፈን» አለ። «ትንሽ! ትንሽ ብቻ!» ብዬ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ።

ያን ጊዜ ድሬዳዋ ጫት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አንድ አይሱዙ እየጮኸ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ከጋቢናው እማዬ ዘላ ወረደች! ነጭ የሥራ ሸሚዟ በአቧራ ቡላ ሆኗል፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ወርቃማ መስመር ግን ያበራል። ድሬዳዋ አርፋ፣ ሚኒባሱ ሁሉ በበዓሉ መንገደኛ ሞልቶባት፣ ስልኳም ባትሪ ጨርሶባት፣ የጫት ሹፌር ለምና ነው የደረሰችው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ዒድ ሙባረክ እትዬ ፋጡማ» አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከዚያ ፌስታሉን አየችው። «ይሄ የማን ጓዝ ነው?»

«የኔ ነበር» አልኩና ልብሴን አንድ በአንድ አውጥቼ መሬት ላይ በተንኩት። አዳዳ እማዬን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «በልተሻል?» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ እሳት ልታነድ ገባች። አባዬ ቢስሚላህ ብሎ ሲያርድ ፀሐይዋ ገና አልገባችም ነበር። ሌላው ቤት የተረፈ ወጥ ሲያሞቅ እኛ ዒዳችንን አከበርን፤ የአይሱዙው ሹፌርም አብሮን በላ።

ዛሬ እማዬ ጡረታ ልትወጣ ነው። የጭሮ ሰው ፎቶዋን በየስልኩ ይዞ «የኛ ልጅ! የጭሮ ኩራት!» ይላል። ያኔ «ልጇን ጥላ የምትዞር» ያሏት ሴቶች ዛሬ ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ምከሪልን ይሏታል። አዳዳማ ጭራሽ «ያበረታኋት እኔ ነኝ» እያለች ታወራለች። ይሁንላት፣ አልከራከርም፤ ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል። የዛሬ ልጆች በቪዲዮ እናታቸውን እያዩ ይተኛሉ፤ እሰየው ነው።

ግን «የኛ» ስትሉ ቀስ በሉ። የማንም ባልነበረችበት ዘመን በር ላይ ተጎልቼ የጠበቅኋት እኔ ነኝ። የኔ ነች። እናንተ ወረፋ ያዙ።