ጋሽ አይነቃነቁ ወንበሩ ላይ

በሰፈሩ ውስጥ መታወቂያ ካለው ሰው ሁሉ ጋሽ አይነቃነቁ ያልተቆጡት የለም። ስማቸውም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ፎቶ ቤታቸው የገባ ሰው፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ያለችው ክብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሳቸው ካሜራው ጀርባ ጎንበስ ይሉና ይጀምራሉ።

«ቀና! አገጭ ዝቅ! ትከሻ እኩል! ትንፋሽ ያዝ ያዝ... አሁን አይነቃነቁ!»

የተቀመጠው ሰው ሌባ ተብሎ የተያዘ ይመስል ክው ይላል። ቀጭ። «ጨርሰናል፣ ይነሱ።» ሰውየው ትከሻው የሚወርድለት ከበሩ ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው።

ባለቤታቸውን ደግሞ ሰፈሩ እትዬ መቀስ ይላቸዋል። ከመጋረጃው ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠው የታጠበውን ጉርድ ፎቶ ዳር ዳሩን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ሰውን ከአካሉ ይልቅ በጉርድ ፎቶው ነው የሚያውቁት። መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ጎረምሳ ቀና ብለው ያዩና «ውይ ልጄ፣ ለስምንተኛ ክፍል ስትነሳ እኮ ይሄ ጆሮህ እንዲህ አልነበረም!» ይሉታል። ልጁ ጆሮውን በእጁ እየሸፈነ ያልፋል።

እንዲህ ሆነው ነበር የሚኖሩት፣ ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆኖ እስኪመጣ። መጀመሪያ የልደት ፎቶ ቀረ። ቀጥሎ የምረቃ። በመጨረሻም ጉርዱ ሳይቀር በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ በትንሽ ካሜራ ይነሳ ጀመር። ጋሽ አይነቃነቁ ፎቶ ቤቱን እኩለ ቀን ላይ እየዘጉ ወደ ቤት መምጣት አበዙ።

ቤት መምጣታቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሁሉ ሲያቃኑ ይውላሉ። የማንኪያውን መደርደሪያ በቁመት በቁመት ያሰልፋሉ። እትዬ መቀስ ሽንኩርት ሲከትፉ ከኋላ ይመጡና «ወደ መስኮቱ ዞር በይ፣ ጥላ ወድቆብሻል» ይላሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ ፎቶ የምንነሳው?»

ይህስ ይቻላል። እትዬ መቀስን ያስፈራቸው የባላቸው ዝምታ ነው። ማታ ማታ ካሜራውን ከፎቶ ቤት ይዘውት ይመጣሉ፣ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውሉታል፣ እንደ በሽተኛ አልብሰው ያስተኙታል፣ ከዚያ ቃል ሳይናገሩ እሳቸውም ይተኛሉ። አንድ ቀን እትዬ መቀስ አላስቻላቸውም።

«ይሄ ሰው ሁሉ በስልኩ የሚያነሳው ፎቶ ግማሹ አናት የለው፣ ግማሹ እግር የለው። ለምን አታስተምራቸውም?»

«እኔ? አስተማሪ?» ብለው ሳቁ። ጠዋት ሲነጋ ግን እትዬ መቀስ ወንበር ሲጎተት ሰሙ። ጋሽ አይነቃነቁ ከምግብ ጠረጴዛው ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ፎቶ ቤት ሲያጓጉዙ ነበር።

ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ፣ በትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ዳቦ ሻጭዋ ከነሽርጧ መጣች። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ቀድሞ ደርሶ የፊት ወንበር ያዘ፤ ዕድሜ ልኩን ፊት ነው የተቀመጠው። ፀጉር ሠሪዋ ልጅ ጥፍሯን ተቀብታ፣ ሌሎችም ጎረቤቶች ስልካቸውን በጨርቅ እየወለወሉ ተቀመጡ። እትዬ መቀስ በመጋረጃው ቀዳዳ እያዩ ፊታቸውን ቆጠሩ። በመቀሳቸው ያላለፈ አንድም የለም።

ጋሽ አይነቃነቁ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«እንግዲህ ዋናው ነገር እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ስልካችሁን ያዙ። ክንድ ወደ ጎን ጠጋ። ትንፋሽ ያዙ። አትነቃነቁ!»

ክፍሉ በሙሉ ቀጥ አለ። ጀርባ ሁሉ ተቃና፣ አገጭ ሁሉ ዝቅ አለ፣ ዓይን ሁሉ ጋሽ አይነቃነቁ ላይ ተተከለ። ስልኮቹ ጭናቸው ላይ ቀሩ።

አስተማሪው የካሜራ ድምፅ ጠበቁ። የለም። የሾፌሩ ጆሮ ቀላ። የዳቦ ሻጭዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ፀጉር ሠሪዋ ጉንጯን እንደነፋች ቀረች።

«ምንድን ነው የምትጠብቁት?» አሉ ጋሽ አይነቃነቁ።

ማን ይመልስ? መነቃነቅ ክልክል ነው። በመጨረሻ ዳቦ ሻጭዋ ከንፈሯን ሳታላውስ፣ በጥርሷ መሃል፣ «ጋሼ... አነሱን?» አለች።

ከመጋረጃው ኋላ እትዬ መቀስ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ።

በሁለተኛው ቀን ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ ሌላውን እንዲያነሳ ተደረገ። «የምታነሱ፣ ብርሃኑን ከኋላችሁ አድርጉ» አሉ ጋሽ አይነቃነቁ፣ መስኮቱን እያሳዩ። ይህን ሲሉ ለመነሳት የተቀመጡት ሁሉ ብድግ ብለው፣ ወንበራቸውን አዙረው፣ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጭ አሉ። የሚያነሱትም ዝም ብለው አነሱ። ፎቶው ሲታይ ከጥላ በቀር ምንም የለበትም።

«ይሄ ማነው?» አሉ ጋሽ አይነቃነቁ ስልኩን ከዓይናቸው እያራቁ።

«እኔ ነኝ መሰለኝ፣ ጋሼ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«የለም፣ እኔ ነኝ» አለ ሾፌሩ። «ጆሮው የኔ ነው።»

«እናንተ ሰዎች!» ጋሽ አይነቃነቁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የሚያነሳው ነው ብርሃኑን ከኋላው የሚያደርገው! የሚያነሳው! እናንተን ከማስተማር ይሄን ግድግዳ ማስተማር ይቀላል!»

ቃሏ ከወጣች በኋላ እሳቸውም ደነገጡ፣ ግን ወጥታለች። ሰው አንገቱን ደፋ። በሚቀጥለው ቀን የፀጉር ሠሪዋ ወንበር ባዶ ሆነ። ከዚያ ከኋላ የሚቀመጡት ባልና ሚስት ቀሩ። ከዚያ ሌላው፣ ሌላው። በስተመጨረሻ ከሾፌሩና ከዳቦ ሻጭዋ ሌላ የሚመጣ ጠፋ። እነሱም የሚመጡት ለጋሼ አዝነውላቸው እንደሆነ ያስታውቃል።

ጋሽ አይነቃነቁ የዚያን ቀን ምሳ ላይ ሁለት ጉርሻ በልተው እጃቸውን ታጠቡ።

«በቃ» አሉ። «አሁንስ ማስተማርም አላውቅበትም። ቅዳሜ ፎቶ ቤቱን እዘጋለሁ። መጋረጃውን አውርጂልኝ።»

እትዬ መቀስ ሰሃኑን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡና እዚያው ቆመው ቀሩ። ባላቸውን ያውቋቸዋል። ያ መጋረጃ አንዴ ከወረደ ሰውየው ከቤት የሚወጡበት ምክንያት አይኖርም። ኮታቸውን ምስማሩ ላይ ይሰቅሉታል፣ እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል።

በማግስቱ እትዬ መቀስ ዳቦ ሊገዙ ሄዱ። ዳቦ ሻጭዋ ስታያቸው ፊቷ ቀላ።

«እትዬ፣ ቅር እንዳይሉብኝ። ሞኝ ሆኜ እኮ አይደለም።»

«ማን ሞኝ አለሽ፣ የኔ ልጅ?»

«የሚሉት ሁሉ ይገባኛል። ግን ድምፃቸውን ስሰማ አንገቴ በራሱ ጊዜ ቀጥ ይላል። ለትምህርት ቤት ስነሳ፣ ለመታወቂያ ስነሳ፣ ከባለቤቴ ጋር ስነሳ... ያ ድምፅ ነው። ‹ትንፋሽ ያዙ› ሲሉ ሰውነቴ ወንበሯ ላይ ያለሁ ይመስለዋል። እጄ ስልክ መያዙን ይረሳል። ሾፌሩም እንደዚያው ነው የሚለው።»

እትዬ መቀስ ዳቦውን እንደታቀፉ ቆዩና ሳቅ መጣባቸው። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ ባንኮኒውን ይዘው፣ ከዚያ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪያያቸው።

«እኔን አፈር ያስበላኝ! እነሱ እኮ እስካሁን ድረስ ደንበኞቹ ናቸው!»

ከዳቦ ቤቱ ወጥተው ቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዱ። ከዚያ ወደ ባልና ሚስቱ ቤት፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ። በየደጃፉ የሚሉት ቃል አንድ ነው። «ቅዳሜ ጠዋት ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። ጋሽ አይነቃነቁ ፎቶ ሊነሱ ነው።»

«ሊያነሱ?»

«ሊነሱ።»

ይህን የሰማ ማን ይቀራል?

ቅዳሜ ጋሽ አይነቃነቁ መጋረጃ ሊያወርዱ መሰላል ተሸክመው መጡ። በሩን ገፋ ሲያደርጉ፣ እትዬ መቀስ ቀድመው ከፍተውት ኖሮ፣ ክፍሉ ሰው በሰው ሆኗል። ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፏል፣ ተማሪ ያልነበረው ሳይቀር በር ላይ ተንጠራርቷል። እትዬ መቀስ ከመጋረጃው ኋላ ወጥተው መሃል ቆመዋል።

«መሰላሉን አስቀምጥና ተቀመጥ» አሉ።

«የት?»

እትዬ መቀስ ክቧን ወንበር በአገጫቸው አሳዩ።

«እኔ?»

«እናስ፣ ካሜራው ነው የሚቀመጠው?»

ጋሽ አይነቃነቁ ዙሪያቸውን አዩ። የሚያመልጡበት መንገድ የለም፤ ሾፌሩ በሩን ይዞታል። ኮታቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ተቀምጠውም አላበቁ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ይቺ ወንበር ትወዛወዛለች እንዴ!»

«ድሮም ትወዛወዛለች!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።

«ድሮ? ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ለመንጃ ፈቃድ ስነሳ ትወዛወዝ ነበር» አለ ሾፌሩ።

«እኔ በሕፃንነቴ ወድቄባታለሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«‹አይነቃነቁ› እያሉን መቼ አፍ ሰጡን፣ ጋሼ!»

ሳቁ ከበር ውጭ ድረስ ተሰማ። ጋሽ አይነቃነቁ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዳቦ ሻጭዋ ግን ስልኳን አነሳች። 

«ጋሼ... አገጭ ዝቅ።»

ጋሽ አይነቃነቁ አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህን ጊዜ ክፍሉ ድፍረት አገኘ።

«ቀና ይበሉ!»

«ትከሻ እኩል!»

«የግራው! የግራው ወርዷል!»

«ትንፋሽ ይያዙ!»

ያ ሁሉ ትእዛዝ አሁን ከተማሪዎቹ ከራሳቸው አፍ ሲወጣ እጃቸው ተፈታ። ክንዳቸውን ወደ ጎናቸው ጠጋ አደረጉ፣ እነሱም ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ጣት ሁሉ ተጫነ። ፀጉር ሠሪዋ ስልኳን አየት አደረገችና «ለካ መስኮቱ ከኔ ኋላ ነው መሆን ያለበት!» ብላ ሰው እየገፋች ወደዚያኛው ወገን ዞረች። ጋሽ አይነቃነቁ «እሰይ!» ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ግን ትንፋሽ ይዘዋል።

ችግሩ ዳቦ ሻጭዋ ላይ ነበር። የሚጫነውን ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ ሌላ ነገር ነካች።

«እንዳይተነፍሱ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ! ውይ! ራሴን አመጣብኝ! ጉድ ነው፣ ይሄ የኔ አፍንጫ ነው!»

ጋሽ አይነቃነቁ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ጉንጫቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ወንበሯ ከሥራቸው ወዲህና ወዲያ ትላለች። ሚስታቸውን አዩ። እትዬ መቀስ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ኮስተር ብለው፣ «አይነቃነቁ!» አሏቸው።

አልቻሉም። ያ ሁሉ ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ወደ ኋላ ሊወድቁ ሲሉ መጋረጃውን ይዘው ተረፉ፣ እየሳቁ፣ እንባቸው እየወረደ። ዳቦ ሻጭዋም በዚያች ቅጽበት ቁልፉን አገኘችው። ቀጭ።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ታዩ። የሾፌሩ ፎቶ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ያስቆማቸው ይመስላሉ። የፀጉር ሠሪዋ ንጹሕ ነው፣ ብርሃኑ አምሯል፣ ግን ደርቀዋል። የዳቦ ሻጭዋ ሲመጣ ሰው ሁሉ ተጠጋ። ፎቶው ተንጋድዷል። አንድ እግራቸው የለም። መጋረጃው ተጨምድዶ በእጃቸው ተይዟል፣ አፋቸው ተከፍቶ ሁልጊዜ በከንፈራቸው የሚደብቁት የወለቀ ጥርስ ቦታ ወለል ብሎ ይታያል። እትዬ መቀስ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ያገቡት ሰው ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያገኙት።

ጋሽ አይነቃነቁ ግን ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ዳቦ ሻጭዋ ሽርጧን በእጇ ጨምድዳ ትጠብቃለች። 

«ተንጋድዷል» አሉ ጋሽ አይነቃነቁ።

ስልኩን ደግሞ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት።

«ጥርሴም ይታያል።»

«ላጥፋው ጋሼ?» አለች ዳቦ ሻጭዋ በቀጭን ድምፅ።

«ማን አጥፊ አለሽ!» ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ሰኞ ኑ። ሁላችሁም። የተንጋደደ እንዴት እንደሚቃና አሳያችኋለሁ። እና...» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የግድግዳውን ነገር እርሱት። ግድግዳ ይሄን አያነሳም።»

እትዬ መቀስ መሰላሉን ግድግዳው ጋ አስጠጉ። «መጋረጃውን ላውርደዋ?»

«አውርጂው እንጂ! ታጥቦ ይመለስ። እስቲ እዪው፣ አቧራው ሁሉ ፎቶ ላይ ወጥቷል።»

ፎቶው በትልቁ ታትሞ መጣ። እትዬ መቀስ መቀሳቸውን አንስተው ዳሩን ሊቆርጡ ሲሉ እጃቸው አመነታ፤ የተንጋደደውን ቢያቃኑት የሳቁ ጫፍ ይቆረጣል። እንዳለ ተውትና የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ፣ መሃል፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያይበት ለጠፉት። በዚያ ሳምንት ከጠፉት ተማሪዎች ያልተመለሰ የለም። ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው እየተባባሉ ጋሼን ለማስቀመጥ ይጣላሉ። ጋሽ አይነቃነቁ ይነጫነጫሉ፣ ጠዋት ጠዋት ግን መስታወት ፊት ቆመው ፀጉራቸውን በውሃ ሲያበጥሩ ይቆያሉ።

ሾፌሩ ደግሞ አዘነላቸውና ካርቶን አጥፎ ከወንበሯ እግር ሥር ወሸቀ። ወንበሯ ቀጥ አለች። ሁሉም አመሰገኑት፣ ጋሽ አይነቃነቁም ጭምር።

ከሰዓት አንዲት ተማሪ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣች። ልጅቷ ከመቀመጧ በፊት እትዬ መቀስ በታጠበው መጋረጃ ቀዳዳ አጮልቀው ሲያዩ፣ ጋሽ አይነቃነቁ ወዲያና ወዲህ አይተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ካርቶኗን በጣታቸው አወጡና ኪሳቸው ከተቱ። ወንበሯ እንደ ድሮዋ ተወዛወዘች።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ። «ደግሞ ብትነቃነቂም ችግር የለም።»