የሐጃ ባኺታ ንጹህ ውሃ

ሻዝሊ የእህቴ የሐጃ ባኺታ ሁለተኛ ልጅ ነው። ሲቆጣ ድምፁ ይበልጥ ዝቅ የሚል ሰው ነው። በወጣትነቱ አስዋን ገበያ ውስጥ ፍሪጅ ይጠግን ነበር። በኋላ የከተማችን ሆስፒታል የኩላሊት ጠጠር የሚሰብር የሌዘር ማሽን ሲያስመጣ፣ ማሽኑን እንዲጠብቅ ቀጠሩት። በእኛ አገር ሙቀት ጠጠር ያልገባበት ቤት የለምና ሥራ አላጣም።

"የምጠብቀው ሌዘሩን አይደለም አክስቴ፣ ውሃውን ነው" ይለኝ ነበር።

ማሽኑ ከልብስ ሳጥን አይበልጥም። ብርሃኑ የሚወለደው ከጣት በምትቀጥን የክሪስታል ዘንግ ውስጥ ነው። ከሚገባው ኃይል ጥቂቱ ብርሃን ይሆናል፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ነው፣ ካልተወሰደ ዘንጉን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውሃ ዘንጉንና ዘንጉን የሚያነቃውን መብራት እያጠበ ያልፋል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እዚያ ማራገቢያ ያበርደዋል፣ ተመልሶ ይገባል። አብዝተው ቢያቀዘቅዙት ደግሞ ማሽኑ እንደ እንስራ ያልበዋል፤ መስተዋቶቹም ይደበዝዛሉ። ሻዝሊ ጠዋት ጠዋት የእጁን ጀርባ ቱቦው ላይ ያሳርፋል፣ ልጅ አተኩሶት እንደሆነ እንደምናየው።

ቤት ውስጥ ስለ ሥራው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፤ "ንጹህ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው።"

ይህን ቃል እህቴ ይዛዋለች።

በዚያ በጋ ታላቅ ወንድሙ ዲያብ ታመመ። ዲያብ ያለው አንድ ኩላሊት ብቻ ነው፤ ሌላውን ድሮ አውጥተውለታል። በቀረው ላይ ጠጠር ተወሽቆ ሽንቱን ዘጋው። ፊቱ አበጠ። ዶክተር ዋጂህ "ነገ ካልሰበርነው ኩላሊቱን እናጣዋለን፤ ሩቅ እንዳንልከው መንገዱን አይችልም" አለን።

በነጋታው እኔና ባኺታ አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ ሻዝሊ ገባና የወንድሙን እግር ያዘ።

"አትፍራ፣ ማሽኑ ደህና ነው።"

"ማሽኑን መች ፈራሁ" አለ ዲያብ። "የጠገንክልኝ ፍሪጅ ትዝ ብሎኝ ነው። ወተቱን አፈላው እኮ።"

እህቴ ሳቀች። ከዚያ ወደ ታማሚው ጎንበስ አለች። "ምንም አትሆንም፣ ዲያብዬ። ትናንት ለወንድምህ ምሳ ይዤ ስሄድ ሊሰግድ ወጥቷል፤ የማሽኑ ውሃ መያዣ ክዳኑ ተከፍቷል። ከመካ ያመጣሁትን የተባረከውን የዘምዘም ውሃ ጨመርኩበት። ከሱ የነጻ ውሃ የት ይገኛል?"

የሻዝሊ እጅ የወንድሙ እግር ላይ እንዳለ ቀረ።

"ሁሉንም ነው እማ?"

"ለማን ላስቀር? ስሞት መገነዣዬን፣ ከፈኔን፣ እንዲያርሱበት ያኖርኩትን ሳይቀር።"

እግሩን ለቆ ወጣ። ተከተልኩት፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"ምን ሆንክ፣ ልጄ?"

"ዘምዘም ከምድር ነው የሚወጣው አክስቴ፤ ጨው አለው። ጨው ያለበት ውሃ የመብራቱን ኤሌክትሪክ ይዞት ይሄዳል። ዲያብ ተኝቶ እያለ ማሽኑ መሃል ላይ ቢጠፋስ?"

"በበረከቱ ለአንድ ቀን አይሠራም?" አልኩት፣ እህቴ አሳዝናኝ።

"ሊሠራ ይችላል። በወንድሜ ላይ ግን አልሞክረውም።"

ዶክተሩን ጊዜ ለመነው። ዶክተሩ ወደ ዲያብ ክፍል አየና "ፍጠን" አለው ብቻ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የቀረው የተጣራ ውሃ ማሽኑን ለመሙያ እንጂ ውስጡን ለማጠቢያ አይበቃም። በባጃጅ ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ሠሪው ሄድኩ፣ የባትሪ ውሃ ልገዛ፤ እሱም የተጣራ ነው።

"ሐጃ፣ በዚህ ዕድሜዎ መኪና ገዙ?" አለኝ።

"ለዲያብ ኩላሊት ነው።"

ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ ያለውን ሁሉ ጫነልኝ።

ስመለስ ሻዝሊ ተንበርክኮ የማሽኑን ውሃ እያፈሰሰ ነው። የወለሉ ማፍሰሻ እጁ ሥር ነበር፤ እሱ ግን ከዘምዘሙ አንዲት ጠብታ እንዳትገባበት ባልዲ ደቅኗል። ቱቦውን ያዝኩለት። ደጋግሞ አጠበ፣ ማጣሪያውን ቀየረ፣ በመጨረሻ የሆስፒታሉን ውሃ ሞላ። የውሃውን ጨው የሚያሳየውን መለኪያ አየ። እንደገና አየው።

ባልዲዎቹን ይዘን ስንወጣ ባኺታ መተላለፊያው ላይ ቆማለች።

"ይሄ የኔ ነው?"

"ያንቺ ነው እማ።"

"አልፈለገውም?"

"በረከት የሚችል ሆድ የለውም። ምንም የሌለበት ውሃ ነው የሚችለው።"

"ንጹህ ትል አልነበር?"

"ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እማ።"

ከዚያ የአንዱን ባልዲ ጆሮ ይዛ ከፊታችን ሄደች። ግቢው ውስጥ አስታማሚዎች የሚጠለሉበት የቁርቁራ ዛፍ አለ፤ ሥሩ ላይ ቀስ ብላ አፈሰሰችው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ሻዝሊ አልጠበቃትም፤ ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ዲያብን አስገቡትና በሩ ተዘጋ። ከውጭ የሚሰማን የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር። በቆመ ቁጥር እህቴ ክንዴን ትጨብጣለች፤ ሲነሳ ትለቀኛለች።

ከሰዓት በኋላ ዲያብን አወጡት። አልጋው ጎን የተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ሽንት ይንጠባጠብ ነበር፤ መጀመሪያ ደም የቀላቀለ፣ ወደ ማታ ግን እየጠራ ሄደ። ባኺታ ከረጢቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ስታየው አመሸች።

ከዚያ ወዲህ ሻዝሊ ማሽኑ ምን እንደሚጠጣ ሲጠይቁት "ባዶ ውሃ" ይላል። እናቱ ካለች ደግሞ ወሬ ይለውጣል።