ድንጋይ ለሰው የሚቆምበት ሰልፍ

የውሃ ቦቴው የቆመው ከብሎካችን ጀርባ፣ ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ነበር። ከጎማው ቱቦ አጠገብ ሕፃን ያዘለች እናት ቆማለች። ከእሷ ቀጥሎ የብሎኩ ዘበኛ፣ ከዘበኛው ቀጥሎ የምድር ቤቱ ባለሱቅ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ጥላው ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ልጅ አለች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ አጥታ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። ከዚያ በኋላ የተሰለፈው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው፤ ቢጫ በቢጫ ሆኖ እስከ ደረጃው ድረስ ተደርድሯል። ቱሉ ዲምቱ ውሃ ሲጠፋ እንዲህ ነው።

«እማማ፣ ጀሪካኔን ይዩልኝ። ለሥራ ፈላጊ ልመዘገብ ወረዳ ደርሼ ልምጣ» አለችኝ ልጅቱ።

«ትናንት ሄደሽ አልነበር?»

«ሲስተም የለም ብለው መለሱኝ። ዛሬ ደግሞ ማን እንደሚጠፋ እንጃ።»

ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አድርጋ እኔ አጠገብ አስጠጋችና ሄደች። ወዲያው የቦቴው ሹፌር ቱቦውን ከፈተው። የመጀመሪያው ውሃ አቧራው ላይ ሲፈስስ የዝገትና የረጠበ አፈር ሽታ ተነሳ፤ እኔም እትዬ ዘነበችን አስታወስኩ።

በልጅነቴ የምንኖረው አቃቂ፣ ከክር ፋብሪካው አጥር ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነበር። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው ጥቂት ነው፤ የቀረነው ከቦኖ እንቀዳለን። ቦኖው ቧንቧዎች የተተከሉበት አጭር የሲሚንቶ ግንብ ሲሆን ቁልፉ ጋሽ ከድር ዘንድ ነበር። ጋሽ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው። ከቦኖው ጎን ክብሪት፣ ጨውና ላምባ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ውሃው የሚመጣው በማለዳ ነው፤ ያውም ሲመጣ። የፋብሪካው ጡሩምባ የሚነፋውም በዚያው ሰዓት ነው። ጡሩምባው ሲነፋ በሩ ላይ ያልተገኘች ሴት የዚያን ዕለት የቀን ሥራ አታገኝም። ቦኖው ሲከፈት ያልተገኘች ደግሞ ውሃ የላትም። ሁለቱን በአንድ አካል ማድረስ የሚቻል አልነበረም።

ስለዚህ ሴቶቹ ድንጋይ ያስቀምጡ ነበር። እያንዳንዷ የራሷ የሆነ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቅላት ድንጋይ ነበራት። የእናቴ የወፍጮ ስባሪ ነው። እንስራው ከድንጋዩ ጎን ይቀመጣል፤ ባለቤቷ ሥራ ፍለጋ ፋብሪካው በር ትሄዳለች፤ ተራው ሲደርስ ቀጥላ ያለችው ሴት ትሞላላታለች። ድንጋዩን የሚያልፈው፣ የሚነካውም አልነበረም። ጋሽ ከድር ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ሲመጡ ድንጋዮቹን ጎንበስ ብለው «እንዴት አደራችሁ እመቤቶች?» ይሉ ነበር።

እትዬ ዘነበች ግቢያችን ውስጥ ያለችውን የጓሮ ክፍል ይዛ በደባልነት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ አልነበራትም። ፋብሪካው ውስጥ በጊዜያዊነት ተቀጥራ ከማሽኖቹ ሥር የሚወድቀውን ብናኝ ጥጥ ትጠርጋለች። ማታ ስትመለስ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኖ፣ የማሽን ዘይት እየሸተተች ትገባና «አሮጊቷ መጣችላችሁ!» ትለን ነበር። ከሚጣለው ብጥስጣሽ ክር በመዳፏ ጠቅልላ ታመጣና ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፀጉሬን በአረንጓዴ ክር ትሠራኛለች። እጇ ሻካራ ነበር፤ ሲጎትት ግን አያምም። ጮክ ብላ የምትስቅ ሴት ናት። እናቴ ቁጥብ ሰው ስለነበረች በእሷ ሳቅ ትሸማቀቅ ነበር። ሆኖም ሳትመጣ ካመሸች ደጁን ደጋግማ የምታየው እናቴ ነበረች።

አንድ ክረምት ጊዜያዊ ሠራተኞች ተቀነሱ። እትዬ ዘነበችም እንደሌሎቹ ድንጋይዋን ቦኖው ላይ እያስቀመጠች ፋብሪካው በር ላይ መቆም ጀመረች። አንዳንድ ቀን ትመረጣለች፣ ብዙውን ቀን አትመረጥም። ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚወጣው በቤት ቁጥር ነው። ደባል የቤት ቁጥር የለውም። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ቀበሌ ልታመለክትላት ሄዳ ነበር።

«ሥራ ያለውም ደባል፣ ሥራ የሌለውም ደባል ያው ነው» ብለው መለሷት።

ከዚያ በኋላ እናቴ የእኛን ሳሙና በክር ለሁለት እየቆረጠች ግማሹን በጓሮ በኩል ታቀብላታለች። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ለእትዬ ዘነበች የቀራት ተስፋ የሥራ ፈላጊ ካርዷ ነበር። ፋብሪካው ቋሚ ሠራተኛ ሲፈልግ ካርድ ካላቸው፣ ካርዱም ከታደሰላቸው ሰዎች መካከል ይወስዳል። የሚታደሰው ደግሞ መሀል ከተማ፣ አንድ ቢሮ ብቻ ነው። መስከረም ላይ የፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለጽዳት ክፍል ቋሚ ሴቶች ሰኞ ጠዋት ይመረጣሉ ተባለ። የእትዬ ዘነበች ካርድ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነበር። ሐሙስ ዕለት ሄደች፤ አውቶቡሱ ሞልቶ ስላለፋት በእግሯ ስትደርስ ረፍዶ ነበር። ዓርብ ሄደች፤ ሠራተኞቹ ስብሰባ ናቸው ተባለች። ቅዳሜ ቢሮው የሚሠራው ግማሽ ቀን ነው። ገና ሳይነጋ ወጣች።

ያን ቀን ውሃው ጠዋት ስላልመጣ ከሰዓት በኋላ ቦኖው ዙሪያ ሴቶች ተኮልኩለው ነበር። እትዬ ዘነበች ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እግሯ አቧራ ለብሶ መጣች። ገና ከሩቅ ትስቅ ነበር።

«እናንተ፣ የዛሬውን ጉዴን ስሙልኝ» አለች፤ ግንቡ ላይ ተቀመጠች። «በጠዋት ደርሼ ጥሩ ቦታ ይዣለሁ። አንዱ ጸሐፊ ወጣና ‹አዲስ ፎቶግራፍ የሌላችሁ እንዳትሰለፉ› አይልም? የኔዋ ፎቶ ደግሞ የሙሽራነቴ ናት፤ እኔ ራሴ አላውቃትም። ማዶ ጃንጥላ ሥር የሚያነሳ ሰውዬ አለ። እና ምን አደረግሁ? ጥሩ ድንጋይ ፈለግሁና ቦታዬ ላይ አስቀመጥኳት!»

ሴቶቹ ከወዲሁ መሳቅ ጀመሩ።

«ኋላዬ ላለችው ሴትዮ አደራ አልኳት፣ ተነሳሁ፣ ፎቶው እስኪደርቅ ጠበቅሁ፣ ተመለስኩ። ቦታዬ ላይ ባለኮት ሰውዬ! ‹ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ ነበረች› አልኩት። ‹ቦይ ውስጥ ናት እመቤቴ፣ ካስፈለገችሽ ውሰጃት› አለኝ። ሴትዮዋን ሳያት ‹ምነው፣ እኔ የድንጋይሽ ዘበኛ ነኝ?› አለችኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ‹ለድንጋዩም ካርድ አውጡለት› ይላል!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ ከድርም ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ሳቁ። «ከተማው ድንጋይ አያከብርም በይኛ!» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቀችው እናቴ ነበረች።

«ታዲያ ካርዱስ?» አለቻት።

እትዬ ዘነበች ጫማዋን አስቀምጣ እግሯን ታጥብ ጀመር። «ከመጨረሻ ተሰለፍኩ። ፊቴ ሦስት ሰው ሲቀር መስኮቱ ተዘጋ።»

ሳቁ አለቀ። ጋሽ ከድር ወደ ሱቃቸው ገቡ። ማንም ተራዬ ነው ሳይል የሷ ቆርቆሮ ቀድሞ ተሞላ።

ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው በር ሄደች። ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በዚያ ስለሆነ አየኋት። አዲስ ፎቶዋን በመሀረብ ጠቅልላ ይዛለች። ካኪ ካፖርት የለበሰው የሰዓት ተቆጣጣሪ ካርዷን ገልብጦ አየ።

«ጊዜው አልፏል እኮ።»

«ቅዳሜ ሄጄ ነበር፣ ጋሼ።»

«ሄደሻል፤ አላሳደስሽም።»

«እዚሁ ስጠርግ ያዩኝ አልነበረም? አያውቁኝም?»

«አንቺንማ አውቅሻለሁ። የማልቀበለው ካርዱን ነው» አለ። ፊቱን አላዞረባትም፤ እሱም የተቸገረ ይመስል ነበር። «ሂጂና አሳድሺው። ግን ተራሽ ከመጨረሻ ይጀምራል።»

ሌሎቹን ሴቶች እየጠራ አስገባ። ከመካከላቸው በቀን ሥራ እሷን ተክተው ሲጠርጉ የከረሙ ነበሩበት። እትዬ ዘነበች በሩ እስኪዘጋ ቆመች። ስታየኝ «አንቺ፣ ደወል ተደውሏል፣ ሩጪ!» አለችኝ። ሮጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ከሰፈራችን ሴት ለብቻዋ ቢሮ አትሄድም ነበር። አንዷ ትሰለፋለች፣ አንዷ ለወረቀቱና ለፎቶው ትሯሯጣለች። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ስብሰባ የተደረገበትም ነገር አይደለም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ያንኑ ካርድ ላወጣ ስሄድ ከጎኔ ጎረቤታችን ነበረች። እናቴ ለምን እንደላከቻት አልጠየቅሁም። ካርዴ በአንድ ቀን አለቀልኝ።

እትዬ ዘነበች እስከ ኅዳር ቆየች። የጓሮዋን ክፍል ኪራይ እናቴ አታነሳባትም ነበር፤ እሷ ግን ማታ ማታ ሳቋን ቀነሰች። አንድ እሑድ አዋሽ ዳር ላለ የሽንኩርት እርሻ ሠራተኛ የሚሰበስብ ኤንትሬ የጭነት መኪና መጥቶ ቦኖው አጠገብ ቆመ። ዕቃዋ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሆነ።

«ወባ አለበት ይባላል» አለች እናቴ።

«እኔን ደግሞ ወባ ምኔን ይበላል?»

«ዘነበች።»

«ሽንኩርት ነው እኮ እትዬ። ባለቅስም ሰው አያውቅብኝም፤ ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይገኛል?» ብላ ሳቀች፤ እንደ ድሮው ጮክ ብላ። እናቴ ያን ቀን አልተሸማቀቀችም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ለእትዬ ዘነበች አለበሰቻት።

ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። እትዬ ዘነበች ጎማውን ረግጣ ወጣች፤ ከሰዎቹ መሀል ከረጢቷ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ተነሳ፤ ድልድዩን ተሻግሮ በዱከም መንገድ ሄደ።