ወለሉ የማይታይ ገንዳ

ሰፈሩ ሁሉ ግንቧ ነው የሚላት። በወጣትነቷ የእጅ ኳስ በረኛ ነበረች፤ ኳስ ቀርቶ ንፋስ አታሳልፍም ይባልላት ነበር። ጉልበቷ ከተበላሸ ወዲህ ግን የሕዝብ መዝናኛ ማዕከሉ በር ላይ ተቀምጣ ትኬት ትቆርጣለች፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የስፖርትና መዝናኛ አስተዳደር ትማራለች።

ምን እንደምትማር ሲጠይቋት መልሱን እንድትጨርስ ትዕግሥት የነበረው ሰው አልነበረም። ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወጣት ቀልድ አለችው።

«እህቴ እኮ በመጫወት ዲግሪ ልትይዝ ነው። ማስተርሱን በመተኛት ትቀጥላለች።»

እንግዳው ይስቃል። እናትየው አፏን በእጇ ከልላ ትስቃለች። ግንቧም አብራ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ?

እስቲ አሁን ይሄ ምኑ ያስቃል? ልጆች መጫወቻ አጥተው መኪና መሀል ኳስ ያሳድዳሉ። እናቶች ገና በአርባ ዓመታቸው ወገባቸውን ይዘው ነው ከመቀመጫ የሚነሡት። የሰፈሩ ሜዳ አንድ በአንድ ታጥሮ ሕንፃ ሲበቅልበት ትንፍሽ ያላለው አፍ ሁሉ፣ ሰው የሚጫወትበትን ቦታ እንዴት እንደሚመሩ ልማር ባለች ሴት ላይ ሲሆን ምላሱ ይረዝማል።

ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን ከሰፈሩ አልተሻለም። ተማሪ የለውም ተብሎ ትምህርት ክፍሉ እንዲዘጋ ተወሰነ። ዘንድሮ የጨረሰ ይመረቃል፤ ያልጨረሰ ቀረበት። ግንቧ የቀራት አንድ የተግባር ፈተና ብቻ ነበር፤ የራሷን የመዝናኛ ፕሮግራም አዘጋጅታ ታካሂዳለች፣ መምህሩ መጥቶ አይቶ ውጤት ይሰጣታል። ካለፈች ተመረቀች፣ ማዕከሉም የፕሮግራም ኃላፊ ሊያደርጋት ቃል ገብቶላታል። ከወደቀች ሌላ ዕድል የለም። ከዚያች የትኬት መስኮት ጀርባ እንደተቀመጠች ታረጃለች።

ያሰበችው ፕሮግራም እናቶችን ከሴት ልጆቻቸው ጋር መዋኛ ገንዳ ውስጥ ማስገባት ነው። የሰፈሩን ሴቶች በር ለበር እየዞረች ለመነቻቸው። ልብስ ሰፊዋ እሺ አለች፣ ዳቦ ሻጯ እሺ አለች፣ እነሱን አይተው ሌሎቹም ተከተሉ። የገዛ እናቷ ነበረች ያስቸገረቻት።

«እኔ ውሃ የማውቀው ልብስ ሳጥብ ነው።»

«እማ፣ እስከ ደረትሽ ብቻ እኮ ነው።»

«እስከ ደረቴ ከገባሁ ለአፍንጫዬ ምን ቀረው? ለዲግሪሽ ብለሽ እናትሽን ልታሰምጪ ነው?»

ግን መጣች። የልጇን ረጅም ቲሸርት ለብሳ፣ በፈተናው ዋዜማ ለልምምድ መጣች።

ጥፋቱ የተፈጸመውም በዚያ በዋዜማው ነው። ሴቶቹ ትልቅ ቦታ ተጋብዘናል ብለው ፀጉራቸውን ቅባት፣ ገላቸውን ቅባት በቅባት አድርገው አምረው ነበር የመጡት። ቅባት ገንዳ ውስጥ ሲገባ ውሃውን እንደሚያደፈርሰው ግንቧ አሳምራ ታውቃለች፤ ክፍል ውስጥ ተምራዋለች። ሻወር ውሰዱ ማለት ነበረባት። ግን እነዚህን ሴቶች ስንት ለምና ነው ያመጣቻቸው! ታጠቡ ብትላቸው ቆሻሻ ናችሁ ያለቻቸው ይመስላቸዋል፤ ተኮሳትረው ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ይሉኝታ ያዛትና ዝም አለች። ሴቶቹ ገቡ፣ ጮኹ፣ ሳቁ፣ ተረጫጩ። እናቷ ሳትቀር እስከ ጉልበቷ ገብታ «በቃኝ!» ብላ ወጣች። ሲመሽ ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ «ይረፍ እንጂ» ብሎ የማጣሪያውን ፓምፕ አስጠፋ።

በነጋታው ጠዋት ግንቧ መጥታ ገንዳው ዳር ቆመች። ውሃው ወተት የተደፋበት መስሏል። በጥልቁ በኩል ወለሉ ላይ ያለው ጥቁሩ የውሃ መውረጃ ወንፊት የለም። ጠፍቷል።

መምህሩ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ጠረጴዛውን እየደበደበ የነገራቸው ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። «ወንፊቱ ካልታያችሁ ገንዳው ዝግ ነው! ሰው ሰምጦ ወለሉ ላይ ቢተኛ አታዩትም። ክርክር የለም!»

ፓምፑን ራሷ ሮጣ አስነሣች። ማጣሪያው ግን በአንድ ሰዓት ተአምር አይሠራም። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?»

«ጋሼ፣ ወለሉ አይታይም።»

«ወለሉ ምን ያደርግልሻል? ከላይ ያምር የለ! ክሎሪን አስጨምሬበታለሁ፤ ጀርም አይደለም ሰይጣን አይተርፍበትም።»

እስቲ ቢያንስ ጥልቅ ያልሆነው ጋ ብላ ገባች። ውሃው ወገቧ ሲደርስ ቁልቁል አየች። የራሷ እግር አይታያትም። ቀና ስትል የልብስ ሰፊዋ ትንሽ ልጅ ገንዳው ዳር እየዘለለች ነው፤ ቁመቷ ከግንቧ ወገብ አያልፍም። ግንቧ ልጅቷን አየች፣ ውሃውን አየች። ወጣችና ገመዱን ዘረጋች፤ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ በገዛ እጇ ሰቀለች።

መምህሩ ሲደርስ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ፕሮግራሙ የታለ?»

«መምህር፣ ወንፊቱ አይታይም። እርስዎ እንዳስተማሩን ዘጋሁት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ልክ ነሽ። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።»

ልቧ መለስ አለላት።

«ታዲያ እኔ ምን አይቼ ውጤት ልስጥ?»

«ግቢው ውስጥ በደረቁ ላሠራቸው።»

«ያጸደቅንልሽ የውሃ ፕሮግራም ነው።»

«ነገ ይምጡልኝ፤ በእናትዎ!»

«ውጤት የሚዘጋው ዛሬ ነው። በምን ምክንያት ነው የደፈረሰው? መብራት ጠፍቶ ነው?»

አስተውሉ። ይህን ሲጠይቃት ሰውየው በሩን ገርበብ ማድረጉ ነበር። መብራት ጠፍቶ ነው ብትለው «ከአቅም በላይ» ብሎ ጊዜ የሚያስጨምርበት ሕግ አለው። ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ሆኖ በዓይኑ ይጠቅሳታል። አዎ ማለት ብቻ ነው። በዚህ አገር አዎ ብሎ ዋሽቶ ስንቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል! ግንቧ ግን ሞኝ ናት፤ ወይም እኛ ሞኝ የምንለው ዓይነት ሰው ናት።

«መብራት አልጠፋም። ትናንት ሳላስታጥብ አስገባኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መምህሩ ገርበብ ያደረገውን በር መልሶ ዘጋው። «እንግዲህ የአመራር ስሕተት ነው» አለና ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

ይባስ ብሎ ሴቶቹ ሰምተዋል። ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች።

«ሳላስታጥብ ነው ያልሽው? ያቆሸሽነው እኛ ነን ማለት ነዋ!»

«እትዬ፣ እንደሱ አይደለም፤ ቅባቱ…»

«ተይው! ለምነሽ አምጥተሽ በሰው ፊት ልታዋርጂን!»

ዳቦ ሻጯ ልጇን አቅፋ ወጣች። ሌሎቹም እንዲሁ። በይሉኝታ የሸሸችው ነገር ዞሮ መጥቶ አገኛት፤ ያውም በዕጥፉ። ያን ሁሉ ድካሟን ውሃ በላው። እናቷ ብቻ በረጅሙ ቲሸርት ግድግዳው ሥር ቀረች።

መምህሩ ከግቢው ከመውጣቱ ሥራ አስኪያጁ ለዋናተኛው ሕዝብ ክፈቺ አላት። ትኬት አልቆርጥም አለች። በሩ ላይ ሰልፉ ተጠራቀመ።

«ግንቧ፣ እኛ ኳስ አይደለንም እኮ! አሳልፊን!» አለ አንዱ ጎረምሳ፤ ሰልፈኛው አውካካ።

«ደሞዝሽን ማን እንደሚከፍልሽ ረስተሻል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እሷ እንደሆነ ጆሮ የላትም። በሩ መሀል ተገትራ ቀረች። ከሰዓት በኋላ ነው ወንፊቱ መጀመሪያ እንደ ጥላ፣ ቀስ በቀስም ቀዳዳው እስኪቆጠር ድረስ ብቅ ያለው። ሰሌዳውን አወረደችና ከትኬት መስኮቷ ጀርባ ተቀመጠች። ሕዝቡ እየሰደባት ይገባ ጀመር።

እናቷ መስኮቱ ድረስ መጣች። «አሁን ይታያል?»

«ይታያል።»

«እንግዲያው ደውይለት ለሰውየው።»

ደወለች። አንሥቶ አናገራት፤ ድምፁም ለስለስ ያለ ነበር። ሲጨርስ ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ምን አለሽ?»

«ውሃውን መዝጋትሽ ልክ ነው አለኝ።»

«እልል! አለፍሻ!»

«አላለፍኩም እማ። ውጤቱን አስገብቶታል።»

እናትየው ልክ ሆኖ መውደቅ ምን እንደሆነ አልገባትም። ማንስ ቢሆን ይገባዋል? ከዚያ ዞር ብላ ወደ ሻወሩ ሄደች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፀጉሯ በሳሙና ታሽቶ ቅባቱ ሙልጭ ብሏል፤ ቲሸርቱ ገላዋ ላይ ተጣብቋል፤ በብርድም በፍርሃትም ትንቀጠቀጣለች።

«ታጥቤያለሁ» አለች በመስኮቱ። «ልገባ ነው። ማን ይይዘኛል?»

«ትኬት!» አለ ከሰልፉ አንዱ። «ኧረ ትኬት! እዚህ ልናድር ነው?»

«ቆይ እማ፣ ሰልፉ ይለቅ» አለችና ቆረጠችለት። ለሚቀጥለውም ቆረጠች። እናቷ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ግድግዳው ሥር ቆመች።

ሰልፉ እስከ መዝጊያው ሰዓት አላለቀም።