ትርንጎ፣ የቀጥቃጩ ልጅ

ከቤቴ ፊት ለፊት በተከፈተው ብረታ ብረት ቤት በኩል ሳልፍ፣ የጋለ ብረት ውሃ ሲነካው የሚወጣው ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና፣ ያለሁበትን ረስቼ በጃንሆይ ጊዜ ቢቸና፣ ከትርንጎ አባት ወናፍ አጠገብ ቆምሁ። የአገሩ ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ቤቱ ጠርቶ ውሃ የሚያቀምሳቸው ግን አልነበረም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው ሲበላ ካየ በዓይኑ ይበላል ይባል ነበር።

ትርንጎና እኔ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። ከሐረር የመጡት አስተማሪያችን ጧት ጧት ባንዲራ ሲሰቀል፣ ለጆሯችን እንግዳ በሆነው አነጋገራቸው፣ ሁላችንም የአንዲት እናት ልጆች መሆናችንን ይነግሩን ነበር፤ እናቴም ከማን ጋር እንደምቀመጥ እያወቀች እንዳላወቀች ታልፈኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አንዱዓለም ደግሞ ከእኔ ይልቅ የሚወደው እሷን ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔን አልፎኝ ይሮጥና ጀርባዋ ላይ ይፈናጠጣል፤ እኔ የሁለታችንንም ደብተር ተሸክሜ እንደ ሎሌ እከተላለሁ።

አንድ ክረምት አንዱዓለምን ትኩሳት ጣለው። አክስቴ ቡዳ በልቶት ነው ብላ ጭስ አጨሰችበትና፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ትጠይቀው ጀመር።

«ማን በላህ? ተናገር!»

ልጁ በጭሱ እያሳለ እጆቹን ዘረጋ።

«ትርንጎ! ትርንጎ፣ እዘይኝ!»

«እየጠራት እኮ ነው!» ብዬ ጮህሁ።

«ዝም በይ! አንቺንም ሳትጀምርሽ አልቀረችም» አለችኝ አክስቴ።

ትኩሳቱ ሲለቀው ይኸው ማስረጃ ሆነ። የቀጥቃጩ ቤት በድንጋይ ተደበደበ፤ እሳቸውም ወናፋቸውን በአህያ ጭነው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሞጣ ተሰደዱ። አስተማሪያችን በማግስቱ የትርንጎን ባዶ ቦታ አዩና፣ ስለ አንዲት እናት ሳይናገሩ ዋሉ።

ከዓመታት በኋላ ሞጣ ገበያ ማጭድ ዘርግታ አገኘኋት። ሰላም ሳትለኝ፣

«አንዱዓለም ዳነ?» አለችኝ።

«ድኗል፤ ጎረምሳ ሆኗል።»

እፎይ ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ደስ ብሎኝ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ ስንቄን ፈትቼ ላጎርሳት ቀና ስል ግን ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

«ምነው ትርንጎ? ዙሪ እንጂ!»

«ግዴለም፣ ብዪ። ስትጨርሺ እዞራለሁ» አለችኝ።

ጉርሻውን ወደ ስንቄ መለስሁት። ቢቸና ላይ በድንጋይ ያባረሯት ሰዎች የሚሉትን፣ ሞጣ ላይ እሷው ራሷ አምናው አገኘኋት። ጓደኛዬን ያጣኋት ያን ጊዜ ነው።