ኤቬሊዮ ከማን ኋላ ነበር

ኤቬሊዮ አሮጌዋን ሃቫና የሚያውቃት በእግሩ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአስጎብኚነት እንግዳ እያስከተለ ከምሽጉ ወደ ካቴድራሉ፣ ከካቴድራሉ ወደ ወደቡ ሲዞር ኖሯል። የሚያወራውን ታሪክ ግማሹን ከራሱ ነበር የሚፈጥረው። "እዚህ በረንዳ ላይ የአንድ ስፔናዊ ገዢ ሚስት በፍቅር ሞታለች" ይላቸው ነበር። በረንዳው የኔ የጎረቤቱ ነው፤ እዚያ ላይ የሞተም ካለ ድመቴ ብቻ ናት። ሚስቱ ኒዬቬስ "አንተ ቀጣፊ፣ ካንተ የማምነው እግርህን ብቻ ነው" ትለው ነበር።

በነሐሴ ሙቀት የኒዬቬስ የአስም ፓፍ አለቀ። ግቢያችንን ሁሉ ጠየቅን፤ ያለው ሰው የለም። ጤና ጣቢያውም "እኛም ጋ የለም፣ ፈልጋችሁ አምጡ" ብሎ መለሰን። ጠዋት ላይ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ከንፈሯም ጠቆረ። እኔ በካርቶን እያራገብኩላት ቀረሁ፣ ኤቬሊዮ ፓፍ ፍለጋ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። አውቶቡስ አትበሉኝ፤ ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ስሙን የሚያነሳም የለም።

ኦቢስፖ መንገድ ላይ ያለው ፋርማሲ ገና አልተከፈተም። ሰዉ ጥላ ጥላውን ይዞ ተበታትኗል። የኛ ሰልፍ መስመር የለውም። ትደርሳለህ፣ "መጨረሻው ማነው?" ብለህ ትጮኻለህ፣ አንዱ እጁን ያነሳል። ከዚያ ብትፈልግ ተቀመጥ፣ ብትፈልግ ሌላ ቦታ ሄደህ ሌላ ሰልፍ ያዝ። ግን ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ አንድ ነገር ያውቃል፦ መጨረሻውን ሰው ካገኘህ በኋላ "አንተስ ከማን ኋላ ነህ?" ብለህ ትጠይቃለህ። ሰውዬው ሰልችቶት ከሄደ ተራህን የምታስረዳው በሌላ በምን ነው?

ኤቬሊዮ ይህን ለእንግዶቹ እያሳቀ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አንዲት ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት እጇን ስታነሳ "ካንቺ ኋላ ነኝ" ብሎ ብቻ ዘወር አለ። ጆሮው ውስጥ የነበረው የሚስቱ ፉጨት ነው።

"ወደቡ አጠገብ ያለው ፋርማሲ ገብቶለታል አሉ" አለ አንዱ። ኤቬሊዮ ይህን ሲሰማ መቆም አልቻለም። አሮጌውን አደባባይ አቋርጦ፣ በእንጨት በተደገፉት ቤቶች ሥር እየተሽሎከለከ ወደ ባሕሩ ወረደ። ድንጋዩ ይፋጃል። ካሜራ ያንጠለጠለች ጎብኚ "ካቴድራሉ በየት በኩል ነው?" ስትለው ሳይመልስላት አለፈ። እሱ! ለውሻም መንገድ የሚያሳየው ሰውዬ!

ወደቡ ጋ የጠበቀው የተቆለፈ በር ነው። እያለከለከ ሲመለስ ኦቢስፖ ላይ መድኃኒቱ መሸጥ ጀምሯል፤ ባለ ቢጫ ቀሚሷ ግን የለችም።

"ተራዬ ነው፣ ከባለ ቢጫዋ ኋላ ነበርኩ" አለ።

"የምን ቢጫ?" አለች ዞራይዳ የምትባል ትከሻዋ ሰፊ ልብስ አጣቢ። "እኔ ስመጣ መጨረሻው ይሄ ባለ ምርኩዙ ነበር። ቢጫህ ከማን ኋላ ነበረች?"

ኤቬሊዮ ይህን ሳይጠይቃት ነበር የሄደው።

"ምነው ሽማግሌው፣ ዛሬ ነው እንዴ ከመርከብ የወረድከው?" አለችው። ሰዉ ሳቀ።

"ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው፣ እናቴ።"

"እኛስ ለሽርሽር የመጣን መሰለህ? የሁላችንም ቤት የሚታፈን ሰው አለ። ወደ ኋላ!"

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ የሚለቅመውንም አጣ። ሄዶ ከሁሉም ኋላ ቆመ። ዞራይዳ ፓፏን ይዛ ዞር ስትል ባለ መድኃኒቷ "አለቀ፣ አትጠብቁ" ብላ መስኮቱን ዘጋች። ሰዉ እየተራገመ ተበተነ። ኤቬሊዮ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ሰው ፊት አለቀሰ።

ዞራይዳ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመለሰች።

"ቤትህ የት ነው?"

"ሳን ኢሲድሮ።"

"ተነስ፣ በአቋራጭ ውሰደኝ። ልጄ እየጠበቀኝ ነው።"

ሲገቡ ኒዬቬስ ወንበሯ ላይ ወደ ፊት ተደፍታ ነበር። ዞራይዳ ሰላም ሳትል ፓፉን አፏ ላይ ደቀነችላት። "ሳቢው! ያዢው፣ እንዳትለቂው! አሁን ድገሚ።" ቀስ በቀስ ፉጨቱ ረገበ፣ ከንፈሯም ቀላ። እኔ ተንበርክኬ የዞራይዳን እግር አቅፌ አለቀስኩ።

ከዚያ ዞራይዳ ፓፉን በቀሚሷ ጠርጋ ኪሷ ከተተችው። ሁላችንም ኪሷን አየነው።

"ትንሽ ልጅ ነው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ሌሊት ሌሊት ይብስበታል።"

"ሂጂ የኔ እናት" አለቻት ኒዬቬስ። "ድረሽለት።"

ኒዬቬስ እንዲያ አለች እንጂ እኔ ከኪሷ ልነጥቃት ምንም አልቀረኝም። እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ ሸኘኋት።

ኤቬሊዮ ገና ላቡ ሳይደርቅ ባርኔጣውን አነሳ። "ማዶ፣ ሬግላ አንድ ፋርማሲ አለ። በጀልባ ተሻግሬ..."

ኒዬቬስ እጅጌውን ያዘችው።

"ማታ መታፈኑ ተመልሶ ይመጣብኛል፣ አውቀዋለሁ" አለችው። "ይሄ ከተማ ብትዞረው አያልቅም፣ ኤቬሊዮ። የማልቀው እኔ ነኝ። ቁጭ በል።"

"አንዴ ብቻ ልሞክር፣ ፍቅሬ..."

"ቁጭ በል አልኩህ። ሲመጣብኝ እዚህ ሁንልኝ።"

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።