ከፍጥሞ የመጣው መልስ

ወንድሜ ግሪክ አገር ሄዶ እንዲማር በተመረጠ ጊዜ አባቴ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ዐይኑ የጠፋ የመጻሕፍት መምህር ነው። ሐዋርያው በግዞት ስለኖረባት ስለ ፍጥሞ ደሴት ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር ኖሯል፤ አሁን የገዛ ልጁ እዚያችው ደሴት ሊማር ሆነ። «ሐዋርያው ራእዩን ካየበት ዋሻ ደጃፍ ቁምና ተመልከት፤ ከባሕሩ ማዶ ይኖርበት የነበረው አገር ይታያል ወይስ አይታይም? ይህን ጻፍልኝ» አለው። በዚህ ነገር ከሌሎች መምህራን ጋር ስንት ጊዜ እንደተኳረፈ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱ ይታያል ባይ ነበር። አገሩን እያየ የማይደርስበት ሰው ግዞቱ ይብስበታል ይል ነበር።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ አባቴ በበቅሎ እኛ በእግር፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘነው። አውሮፕላኑ ሲነሣ አባቴ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዳቀና ቀረ። ኅዳር ላይ ታመመ፤ የገና በዓል ሳይደርስ ቀበርነው።

ደብዳቤው የመጣው ከአርባው በኋላ ነው። ጎንደር ፒያሳ ፖስታ ቤት ሄጄ የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ የአባቴን ደብዳቤ የማነበውም የምጽፈውም እኔ ነበርሁና። ወንድሜ መንገዱን አንድ ሳያስቀር ዘርዝሮታል። ከጎንደር አስመራ፣ ከዚያ በትልቁ አውሮፕላን ካይሮ፣ ካይሮ አድሮ አቴና። ከአቴና በመርከብ ሲሄድ መቀመጫ አጥቶ በተጠቀለለ ገመድ ላይ አደረ፤ ባሕሩ ሲያስመልሰው አንዲት ባልቴት ሎሚ ቆርጣ ሰጠችው። መጨረሻው ላይ «አባየ፣ ይታያል» ይላል። የዘገየው ሰማዩ እስኪጠራ ሲጠብቅ ኖሮ ነው። ምነው ባልጠበቀ!

እናቴ እንንገረው አለች። የንስሐ አባታችንና ዘመዶቻችን ግን እንቢ አሉ፤ በሰው አገር መርዶ አይነገርም፣ አብሮት የሚያለቅስ ዘመድ በሌለበት ልጁን እንገድለዋለን አሉ። ስለዚህ በአባቴ ስም መልስ እንድጽፍ ታዘዝሁ። እውነቱን ልናገርና አልከፋኝም። «ልጄ ሆይ» ብዬ ስጀምር አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ የሚያጽፈኝ ይመስለኝ ነበር። ላሚቱ መውለዷን ጻፍሁ፤ ዝናቡ ሸጋ እንደነበር፣ ብርድ እንዳይመታው እንዲለብስ ጻፍሁ። «ይታያል» ለምትለዋ ቃል ግን እንባ እየቀደመኝ መልስ ሳልሰጥ አልፌያት ሄድሁ።

ሦስት ዓመት እንዲሁ ስዋሽ ኖርሁ። ወንድሜም አንድም ደብዳቤ ሳያስቀር መለሰ፤ ሁልጊዜም የአባቱን ምርቃት ይጠይቅ ነበር።

የተመለሰ ዕለት እናቴ ጥቁሯን አውልቃ የጎረቤት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ተቀበለችው። አባትህ ገዳም ሱባዔ ገብቷል አልነው። እሱ ምንም ሳይጠይቅ ያቀረብንለትን በልቶ ተኛ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መርዶውን ሊነግሩት የተጠሩ ሽማግሌዎች ቤቱን ሞሉት፤ የንስሐ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለዚህ ዓለም ከንቱነት መናገር ጀመሩ። ወንድሜ ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ።

«አባ፣ አይድከሙ፤ አውቃለሁ» አለ። «አባየ ዕድሜ ልኩን የተከራከረበትን ነገር ነግሬው፣ ላሚቱ ወለደች ብሎ አይመልስልኝም። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ አውቃለሁ።»

እናቴ ምነው ታዲያ ዝም አልህ አለችው። እኔን እያየ፣ መጻፍ ብተው ይህች ልጅ ምን ትሆናለች ብዬ ነው አላት። ያለቀሰው ዋሻው ደጃፍ ላይ ብቻውን ነው፤ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ትምህርቱ ገባ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፈው ለእኔ ነበር።

እናቴ ደረቷን እየመታች ወደቀች፤ እኔም ተከተልኋት። ሽማግሌዎቹ እሱን ሊደግፉ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። እሱ ግን ልቅሶውን ጨርሷል፤ እኛን አንሥቶ የያዘን እሱ ነው።